በቱርዓው ዳር ልጅ ስጠብቅ

ልጅ ጠባቂ የሆንኩት ልጅ ስለምወድ ወይም ሰው አምኖኝ አይደለም፤ አረም ማረም ስላልቻልኩ ነው። ያን ጊዜ ከአክስቴ ጋር ሀዋታ አጠገብ፣ በራሃድ የመስኖ እርሻ ላይ ነበርን። አገራችንን ድርቅ ሲመታት ከጎንደር ቆላ ተነስተን፣ በመተማ አድርገን፣ ጋላባትን አልፈን የመጣን ሰዎች ነን። ከወንዶቹ ብዙዎቹ ገዳሪፍ ገበያ ሸክም ይሸከማሉ፤ ሴቶቹ ጥጥና ለውዝ ያርማሉ። እኔም መጀመሪያ ከሴቶቹ ጋር ተሰልፌ ማሳ ወረድኩ። ችግሩ፣ የጥጥ ቡቃያና አረም ለእኔ አንድ ናቸው። እንዲያውም አረሙ ይበልጥ ያማረ ስለሚመስለኝ እሱን እየተውኩ ጥጡን እነቅል ነበር። የእርሻው ኃላፊ፣ ወኪል የምንለው ሱዳናዊ፣ የነቀልኩትን ክምር በእግሩ ገለበጥ ገለበጥ አድርጎ አየ። ከዚያ አክስቴን ጠርቶ፣ መተማ ሲነግድ በለመደው አማርኛ፣ ይህች ልጅ ከጥጥ ትራቅ አላት። አልተቆጣም። ሐኪም ለበሽተኛ ቤተሰብ እንደሚናገረው ቀስ ብሎ ነው የተናገረው።

በዚያው ሰሞን አንድ የጎረቤታችን ልጅ ቱርዓው ውስጥ ገባ። ቱርዓ ሱዳኖቹ ትልቁን የመስኖ ቦይ የሚጠሩበት ስም ነው። እናቱ ከማሳው ዳር አስቀምጣው ስታርም ቆይታ ቀና ብትል ልጁ የለም። ደግነቱ የውሃውን በር የሚከፍተው ሠራተኛ እዚያው ስለነበር በእጀ ጠባቡ አንጠልጥሎ አወጣው። ልጁ ምንም አልሆነም፤ እንዲያውም ድጋሚ ካልገባሁ ብሎ አለቀሰ። ወኪሉ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅ ይዞ ማሳ ለሚመጣ ሰው ሥራ እንደማይሰጥ ተናገረ። ሴቶቹ አመሻሽ ላይ ተሰብስበው ልጆቹን ማን ይጠብቃቸው ብለው መከሩ። አንዷ አራስ ናት፣ አንዷ ነፍሰ ጡር ናት፣ አንዷ ዓይኗን ያማታል። ዞረው ዞረው ሁሉም እኔን አዩኝ። አክስቴ ለመናገር እንኳ አልተጨነቀችም። «ከጥጥ የተባረረች አለች አይደል» አለች፤ ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ልጆቹ ከየት እንደመጡ ካልተነገረ ነገራቸው አይገባም። ምንጭ ሲደርቅ ያዩ ልጆች ናቸው። ወንዝ አለ ተብለው ሄደው ጠጠር አግኝተዋል። በመንገድ ላይ ውሃ የደረሳቸው በጣሳ ክዳን እየተለካ ነው። እንዲህ ሆነው ሀዋታ ሲደርሱ፣ ከጎጇቸው ኋላ ባለቤት የሌለው የሚመስል ውሃ ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ ይፈሳል። ወቅቱ ደግሞ ሱዳኖቹ ሰይፍ የሚሉት የሙቀት ጊዜ ነው። ዝናቡ ዘግይቷል፤ ረፋድ ላይ መሬቱ እግር ያቃጥላል፤ ዶሮ እንኳ ክንፏን ከፍታ ጥላ ሥር ትተኛለች። በዚያ ሙቀት ልጅን ከውሃ ማራቅ ለእናቶቹም ይከብዳቸው ነበር። አንዷ፣ ባሏ መንገድ ላይ የሞተባት ጎረቤታችን፣ ልጇን ልትቆጣ ብድግ ብላ ወደ ቱርዓው ሄደች። ዳር ተቀምጦ እግሩን ሲያንቦጫርቅ ስታየው ቁጣውን ትታ አጠገቡ ተቀመጠች። ብዙ ስትቆይብኝ ሄጄ ባያት ታለቅሳለች። አገር ቤት የቀበረችው ሌላ ልጅ ነበራት። ከዚያ በኋላ ልጆቹን የመቆጣቱ ሥራ ለእኔ ብቻ ተተወ።

እኔም ዋና አልችልም። የእኛ አገር ወንዝ በደህናው ዘመን እንኳ ከጉልበት አያልፍም፤ ሴት ልጅ ደግሞ ውሃ ትቀዳለች እንጂ ውሃ ውስጥ ምን ትሠራለች። ስለዚህ አንዱ ልጅ ቢገባ ተከትዬ ልሰጥም እንጂ ላወጣው እንደማልችል አውቃለሁ። የቀረኝ ማስፈራራት ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ልጆቹን ራኩባ ሥር፣ ማለትም ከሳርና ከእንጨት በተሠራው የጥላ ዳስ ሥር ሰበሰብኳቸውና ቱርዓው ውስጥ ዘንዶ አለ አልኳቸው። ርዝመቱ ከዚህ እስከ ድልድዩ እንደሚደርስ፣ ዓይኑ እንደ መኪና መብራት እንደሚያበራ፣ ከምግብ ሁሉ ልጅ ብቻ እንደሚበላ አስረዳኋቸው። አፋቸውን ከፍተው ሰሙኝ። ለጥቂት ቀናት አንድም ልጅ ወደ ውሃው አልቀረበም፤ እኔም በብልሃቴ ተደስቼ ስፌቴን ይዤ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ነገር ታዘብኩ። ከእርዳታ የሚሰጣቸውን ደረቅ ብስኩት ግማሹን ይበሉና ግማሹን በልብሳቸው ይሸሽጋሉ። የተራበ ልጅ ምግብ ሲያተርፍ አይቼ ስለማላውቅ ግራ ገባኝ። ተከተልኳቸው። ቱርዓው ዳር ተሰልፈው፣ ብስኩቱን እየፈረፈሩ በሥርዓት ውሃው ውስጥ ይጥላሉ። ትንሹ፣ የዚያች ያለቀሰች ጎረቤታችን ልጅ፣ ገና በቅጡ መሄድ ያልቻለው፣ ሊጥል ያመጣውን እዚያው ሲበላ ሌሎቹ ይቆጡታል።

ምን እያደረጋችሁ ነው አልኳቸው። የመለሰችልኝ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ የስድስት ዓመት ገደማ ልጅ ናት። ከሁላችን በፊት ከአባቷ ጋር መጥታ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ያደገች ስለሆነች ዓረብኛውን እንደ ውሃ ትጠጣዋለች፤ ከልጆቹም አለቃ እሷ ነበረች።

«እትየ፣ ዘንዶው ልጅ የሚበላው ርቦት እኮ ነው» አለችኝ። «ብስኩት ከጠገበ ለምን ይበላናል?»

እኔ ያሰብኩት ይፈሩታል ብዬ ነው። እነሱ አዘኑለት። ረሃብ ሰውን ምን እንደሚያደርግ መንገድ ላይ አይተዋል፤ አንድ ዳቦ ይዘው ሲጣሉ ያዩአቸው ትልልቅ ሰዎች ጠግበው ሲያድሩ ደግ ሆነው ተነስተዋል። ዘንዶውም እንደዚያው ነው ብለው ደመደሙ።

ወሬው እናቶቹ ጋ ሲደርስ ግን ያዘነልኝ የለም። አንዷ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ፣ «እኔ ልጄ በላልኝ ብየ ስደሰት፣ ለካ አውሬ ነው የምቀልበው» አለች። አባም አስጠሩኝ። አባ አብረውን ከአገር የተሰደዱ ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ ጥላቸውን፣ መስቀላቸውንና ዳዊታቸውን ብቻ ይዘው ነው ድንበር የተሻገሩት። ልጅ በውሸት አይጠበቅም፣ ልጄ፣ ብለው ረዘም አድርገው መከሩኝ። ይቅርታ ጠይቄ ልወጣ ስል መልሰው ጠሩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በእርግጥ ምንም ነገር አላየሽም ወይ አሉኝ። ለካ ጠዋት ጠዋት እግራቸውን የሚታጠቡት እዚያ ነበር።

ቀጥሎ ገመድ ሞከርኩ። ልጆቹን ሁሉ በአንድ ረጅም ገመድ ወገብ ለወገብ አሰርኩና ጫፉን ከራኩባው ምሰሶ ጋር ቋጠርኩት። ጥብቅ አላደረግኩትም፤ መቀመጥም መተኛትም ይችላሉ። አንድ አህያ የሚነዳ ሱዳናዊ በአጥሩ በኩል ገመዱን ብቻ አይቶ ፍየሎቹ ይሸጣሉ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይህን በምልክት ነው የተረዳሁት፤ አጥሩን ዞሮ ልጆቹን ሲያይ ግን ምልክት አላስፈለገውም፣ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ።

ገመዱ ያልጠበቅኩትን ነገር አስተማራቸው። ተለያይተው ሲሮጡ አንዱን ብይዝ ሌላው ያመልጠኝ ነበር፤ ግን ለየብቻቸው ምንም አቅም አልነበራቸውም። ታስረው ሲውሉ ግን አብሮ መንቀሳቀስ ለመዱ። አንድ ቀን ድስት ላማስል ዞር ስል፣ ያቺ ጥርሰ ወላቃ ልጅ አንድ ነገር አለች፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሱ፤ በአንድ ጊዜ ወደ ቱርዓው ጎተቱ። ምሰሶው ተነቀለ፤ ራኩባው በድስቱም በእኔም ላይ ወደቀ። ከሳሩ ሥር ተስቤ ስወጣ ልጆቹ ምሰሶውን ከኋላ እየጎተቱ መንገዱን አጋምሰዋል። ደግነቱ ምሰሶው የሰው አጥር ላይ ተሰንቅሮ አስቆማቸው። አክስቴ ማታ መጥታ ፍርስራሹን ስታይ፣ ከጥጥ ብትባረርም ነቃቅሎ መጣሉን አልተወችም አለች።

ይህን ሁሉ የሚያይ ሰው ነበር። ከቱርዓው ማዶ፣ ድልድዩ አጠገብ፣ ፍየሎቿን ይዛ የምትኖር አንዲት ሱዳናዊት አሮጊት ነበረች። ልጆቹ ሐቦባ ይሏታል፤ አያቴ ማለት ነው። ወፍራም ናት፤ ስትስቅ ሆዷም ትከሻዋም አብሯት ይስቃል። በየቀኑ ደጇ ላይ ተቀምጣ የእኔን ሩጫ ሰርግ እንደሚያይ ሰው ስትመለከት ትውል ነበር። ራኩባው በወደቀ ማግስት ድልድዩን ተሻግራ መጣች። ውሃውን እያሳየች፣ ልጆቹን እያሳየች፣ እኔን እያሳየች ረጅም ንግግር አደረገች። የእኔ ዓረብኛ «ሞያ» ውሃ መሆኑንና «ኻላስ» አለቀ መሆኑን ከማወቅ አያልፍም። ስለዚህ ጥርሰ ወላቃዋን ጠርቼ ምን ትላለች አልኳት።

ልጅቷ ሐቦባን አየች፤ እኔን አየች፤ ትንሽ አሰበች።

«በዚህ ሙቀት ልጅ ውሃ ካልገባ ይታመማል ትላለች» አለችኝ። «በየቀኑ እስከ ምሳ ይግቡ ትላለች። ሲወጡ ደግሞ ሻይ በስኳር ይሰጣቸው ትላለች።»

የሐቦባን አክብሮት ለመመለስ እኔም ረዘም አድርጌ ተናገርኩ። ምክሯን እንደማከብር፣ ግን የሰው ልጅ አደራ እንዳለብኝ፣ ዋናም ስለማልችል አንዱ ቢሰጥም ላወጣው እንደማልችል፣ እንድትረዳልኝ ለመንኩ። ልጅቷ ያን ሁሉ በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። ሐቦባ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በሀዘኔታ አየችኝ፤ ጉንጬን ዳበሰች፤ ተመልሳ ሄደች። ገብቷታል ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሐቦባ አልለቀቀችኝም። ጠዋት ትመጣና እጄን ይዛ ወደ ውሃው ትጎትተኛለች። እኔ ወደ ኋላ እጎትታለሁ። እየሳቀች፣ እያባበለች፣ እንደ ልጅ ትከሻዬን እየመታች ታወራኛለች። ምን ትላለች ስል ልጅቷ፣ ትወድሻለች ነው የምትለው ትለኛለች። ውሃ ዳር ካልወሰደችኝ መውደድ የማይሆንላት ምን ዓይነት ሴት ናት ብዬ ለአክስቴ ነገርኳት። አክስቴ የሰው አገር ሰው ነው፣ እንደ ባህሉ ተቀበይ አለችኝ።

እንደ ባህሉ ልቀበል ያልኩበት ቀን ወደቅሁ። ልጆቹን ገመዱን ብቻ አስይዤ፣ ሳላስራቸው፣ ጀሪካን ልሞላ ቱርዓው ዳር ጎንበስ ብያለሁ። ሐቦባ ከኋላ መጣች። ወገቤን በሁለት ክንዷ አቀፈችኝና፣ «ቢስሚላህ» ብላ፣ እኔንም ራሷንም ይዛ ውሃው ውስጥ ገባች።

ጮህኩ። ውሃ ዋጥኩ፤ ደግሞ ጮህኩ። ሐቦባ ከበላዬ ሆና እየሳቀች ጭንቅላቴን ቀና ልታደርግ ትሞክራለች፤ እኔ ልታሰምጠኝ ነው ብዬ ጥምጥም አልኩባት። ልጆቹ ገመዱን ወረወሩልኝ። ያዝኩት። ራኩባ የነቀለ ጉልበታቸውን ሁሉ አሰባስበው ሲጎትቱኝ በደረቴ ጭቃው ላይ ወጣሁ። ዞር ብዬ ሳይ ሐቦባ ውሃው ውስጥ ቆማለች። ውሃው ወገቧ ጋ ነው። ለካ እኔ ተንበርክኬ ነው የምሰጥመው።

ጩኸቴን ሰምቶ ወኪሉ ከማሳው እየሮጠ መጣ። እኔ እያለቀስኩ በአማርኛ ከሰስኩ፤ ሐቦባ ግራ ተጋብታ በዓረብኛ አስረዳች። ወኪሉ ሁለታችንንም ሰማ። ከዚያ ጥርሰ ወላቃዋን አየት አደረገ። ልጅቷ ሰማዩን ታያለች።

ነገሩ የተገለጠው ያን ጊዜ ነው። ሐቦባ በመጀመሪያው ቀን የነገረችኝ፣ ልጆቹን ከዚህ ቦታ አርቂ፣ የውሃው በር ሲከፈት ይስባል፣ ማሳው ዳር አቡ ዒሽሪን የምንላት ትንሽ ቦይ አለች፣ ውሃዋ ከጉልበት አያልፍም፣ እዚያ አስገቢያቸውና አንቺ እጅሽ የሚደርስበት ቦታ ተቀመጪ ብላ ነበር። ስለ ሻይም ስለ ስኳርም አላነሳችም። እኔ ደግሞ፣ በልጅቷ አፍ፣ በሽተኛ ነኝ፤ ሐኪም ውሃ ውስጥ ካልተነከርሽ አትድኝም ብሎኛል፤ ስለምፈራ ግን በራሴ አልገባም፤ በግድ የሚያስገባኝ ሰው ባገኝ ውለታው ነው ብያለሁ። ሐቦባ ያን ሁሉ ቀን የለፋችው ነፍስ ልታድን ነው።

ወኪሉ ጎንበስ ብሎ ልጅቷን ለምን እንዲህ አደረግሽ አላት።

«ሁለቱም ብዙ ያወራሉ፤ እያሳጠርኩላቸው ነው» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «እትየ ዋና ከቻለች እኛንም ታስገባናለች ብየ ነው» አለች።

ወኪሉ የከበደ ሰው ነበር፤ በሠራተኛ ፊት ስቆ አያውቅም። ወደ አንድ ዛፍ ኋላ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶን ቆየ። ሐቦባ ግን ነገሩ ሲተረጎምላት ከጭቃው ላይ ቁጭ ብላ፣ ዓይኗ እንባ እስኪያወጣ ሳቀች። እኔ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ኋላ የእሷ ሳቅ ያዘኝ። ድንበር ከተሻገርን ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ልጆቹን ይዤ አቡ ዒሽሪን ወረድኩ። ሐቦባ ፍየሎቿን አጠገባችን አሰማርታ አስተማሪ ሆነች። አስተርጓሚያችን ያቺው ልጅ ናት፤ ሌላ ሰው የለማ። ወኪሉ ግን አንዲት ቃል ብትጨምር ሀዋታ ገበያ እንደማይወስዳት ስላስጠነቀቃት ትርጉሟ ተሻሽሎ ነበር። ሐቦባ መጀመሪያ ያደረገችው ስፌቴን ከእጄ ነጥቃ ጎጆዋ ውስጥ መደበቅ ነው። ልጅ ውሃ ውስጥ ካለ የሚጠብቀው ሰው ሌላ ሥራ የለውም አለች። ወሬም አይሆንም፤ ዓይን እዚያው ነው። ልጆቹን ሁለት ሁለት አደረገቻቸው፤ ጓደኛው ያልወጣ ልጅ አይወጣም፣ ጓደኛው ያልገባ አይገባም። ወደ ትልቁ ቱርዓ ብቻውን የሄደ ደግሞ ያን ቀን ፍየል እያየ ይውላል። ባዶ ጀሪካን ክዳኑን አጥብቀን ዘግተን አቀፉት፤ በጀርባቸው ተንጋለው መንሳፈፍ የተማሩት በዚያ ነው።

እኔንም አስገባችኝ። ልጆቹ በጥቂት ቀን እንደ ዳክዬ ሲሆኑ እኔ ገና ጀሪካን አቅፌ አንገቴን እንደ ግመል አቁሜ ነበር። ጆሮሽን ለውሃው ስጪው ትለኛለች ሐቦባ። ጆሮዬን ስሰጥ አፍንጫዬም አብሮ ይሄዳል። ልጆቹ ዳር ላይ ተደርድረው ያበረታቱኛል፤ ትንሹ እንኳ ያጨበጭብልኛል። አንድ ረፋድ ላይ ግን ሰማዩን እያየሁ፣ የራሴን ትንፋሽ ብቻ እየሰማሁ፣ ማንም ሳይዘኝ ተንሳፍፌ ራሴን አገኘሁት። ያን ዕለት የተሰማኝን ደስታ ለአክስቴ ላስረዳት ሞክሬ አልቻልኩም። ታዲያ ይህ እንጀራ ይሆናል ወይ አለችኝ።

ከሁሉ የከፋው የመጣው ሁላችንም ውሃን የለመድን ሲመስለን ነው፤ የመጣውም ከቱርዓው አይደለም። አንድ ቀትር ላይ ልጆቹን ከአቡ ዒሽሪን አውጥቼ፣ እንደ ልማዴ ጭንቅላታቸውን እየነካሁ እየቆጠርኩ ወደ ራኩባው ሳስገባ፣ ትንሹ የለም። መንገድ ላይ አብሮን ነበር። ሮጬ ቱርዓው ዳር ደረስኩ፤ ምንም የለም፤ ያ ቡናማ ውሃ ዝም ብሎ ይፈሳል። ዋናዬ ገና ምንም ያልሆነ ዋና ነው፤ ይህን ሳላስብ ዘልዬ ገባሁ። በእጄ ከሥር እዳብሳለሁ፤ የማገኘው ጭቃ ብቻ ነው። ሐቦባ ከማዶ አይታኝ እሷም ገባች። ሴቶቹ ከማሳው እየጮኹ መጡ። እናትየዋ ዳሩ ላይ ተንበርክካ ውሃውን በእጇ ትዳብሳለች።

ጥርሰ ወላቃዋ ግን ከእኛ ጋር አልሮጠችም። ትንሹ የሚወደውን ቦታ ታውቃለች። አባ ከራኩባቸው ሥር በግማሽ የተቆረጠ በርሜል መሬት ውስጥ ቀብረው፣ ውሃ ሞልተው፣ ጸሎት ደግመው ጠበል አድርገውት ነበር። ትንሹ በኩባያ ማንቦጫረቅ የለመደው እዚያ ነው። ስትደርስ ከበርሜሉ የሚታዩት ሁለት እግሮች ናቸው። እግሮቹን ይዛ በአማርኛም በዓረብኛም ጮኸች። አልጋቸው ላይ አሸልበው የነበሩት አባ ተነስተው ጎትተው አወጡት።

እኛ ስንደርስ ልጁ ከንፈሩ ጠቁሯል። ሐቦባ ከአባ እጅ ነጥቃ ክንዷ ላይ በሆዱ ደፋችው፤ ጀርባውን በመዳፏ መታች፤ ደግማ መታች። ውሃ ከአፉ ወጣ፤ ሳለ፤ ከዚያ አለቀሰ። ልጅ ሲያለቅስ እንደዚያ ደስ ያለኝ ጊዜ የለም። እናቱ ወስዳ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። እኔ ቁጭ አልኩ። ውሃ ማለት ቱርዓው ብቻ መስሎኝ፣ ልጁ እዚያው ደጃችን ላይ ከጉልበት በማያልፍ ውሃ ሊያልቅ ነበር።

ሁሉም ሲረጋጋ አባ መስቀላቸውን አውጥተው ልጁን አሳለሙትና፣ «ጠበሉ አተረፈው» አሉ።

አክስቴ ቀና ብላ አየቻቸው። «አባ፣ ሊገድለው የነበረውም እኮ እሱው ነው» አለች።

አባ መስቀላቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። በነጋታው ጎህ ሲቀድ ተነስተው ለበርሜሉ ከእንጨት ከባድ ክዳን ሲያበጁ አየኋቸው። በዚያ አላበቁም። መስቀላቸውን ይዘው ከጎጆ ጎጆ መዞር ጀመሩ፤ መጀመሪያ የሚያዩት ሰውን ሳይሆን የውሃውን ዕቃ ነው። ዚር የሚባለው የሱዳኖቹ ትልቅ የሸክላ ጋን በየደጁ አለ፤ ባልዲውም አለ፤ የልብስ ማጠቢያ ሳፋም አለ። ሳፋዋን ደፍታ፣ ጋኗን ከድና ያላገኟትን ሴት መስቀል አያሳልሟትም። አንዲት ሴት ጾም ገድፋለች ተብላ ሳይሆን ባልዲዋ ክፍት ተገኝቶ ሳትሳለም ቀረች፤ በዚህ አዝና ሰነበተች። ሐቦባ ክርስቲያን ባትሆንም አባ ድልድዩን ተሻግረው የእሷንም ጋን አዩ። ተከድኖ ነበር። እጅ ነስተዋት ተመለሱ።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። አረሙ በዛ፣ ሥራውም በዛ፣ ሴቶቹ ከማሳ የሚመለሱት ጀርባቸው ታጥፎ ነው። የሚያርፉት ዓርብ ዓርብ ብቻ ነበር። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሐቦባ ለሴቶቹ ልጆቹ ዋና ችለው እናቶቹ አለመቻላቸው ምን ይጠቅማል የሚል መልእክት ላከች። ጥርሰ ወላቃዋ መልእክቱን ያለ ምንም ጭማሪ አደረሰች። ሴቶቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ ተያዩ፤ ከዚያ አንዷ ጀሪካኗን አነሳች።

ከነቀሚሳቸው አቡ ዒሽሪን ገቡ። አባ ወንድ እንዳያልፍ ልጠብቅ ብለው መንገዱ ላይ ተቀመጡ፤ ጀርባቸውን ወደ እኛ አዙረው፣ ጥላቸውን ዘርግተው። በየጥቂቱ ሳይዞሩ፣ ሁላችሁም አላችሁ ወይ እያሉ ይጣራሉ፤ እኛም አለን እንላለን። አሁን ዳር ላይ የተደረደሩት ልጆቹ ናቸው፤ እናቶቻቸውን ሁለት ሁለት አድርገው፣ ወሬ አታውሩ እያሉ ይቆጧቸዋል። ያቺ የትንሹ እናት ልጇን ሆዷ ላይ አስቀምጣ ተንሳፈፈች። ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

አክስቴ ብዙ ካንገራገረች በኋላ መጨረሻ ላይ ገባች። ጀሪካኑን አቅፋ፣ በጀርባዋ ተንጋላ፣ ዓይኗን ጨፈነች። ውሃው ቀስ እያለ ወሰዳት። ከሌሎቹ እየራቀች፣ ቦዩን ተከትላ ወደ ማሳው ጫፍ ስትሄድ ሐቦባ ከዳር ሆና ጮኸች። እኔም ተንቦጫርቄ ተከተልኳትና ቀሚሷን ይዤ፣ እትየ፣ ራቅሽ እኮ፣ ተመለሽ አልኳት።

ዓይኗን አልገለጠችም።

«ተይኝ እስቲ» አለች። «ከመተማ ወዲህ እግሬን ያሳረፍኩት ገና አሁን ነው።»

እኔም ቀሚሷን ሳልለቅ አጠገቧ ቆየሁ።